«በዚች ዓመት ደግሞ ተዋት»

የአንባቢዋ ደብዳቤ (ለዓምዱ እንዲመች አጥሯል)

«ድሬዳዋ ሳቢያን የምኖር የ53 ዓመት እናት ነኝ። ባለቤቴ በምድር ባቡር ሲሠራ ኖሮ ጡረታ ከወጣ በኋላ አረፈ፤ አሁን አራት ዓመት ሆነው። ከማረፉ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ የመጨረሻው ልጃችን 16 ዓመት ሲሞላው፣ ጓሯችን ውስጥ አንድ ግሽጣ ተከለና ‹ይህ ያንተ ነው› አለው። ዛፉ ደህና አደገ። በየዓመቱ ያብባል፤ አበባው ግን ይረግፋል። እስከ ዛሬ አንድ ፍሬ አልቀመስንም። ልጄም እንደዚያው ሆነብኝ። ኮሌጁን አቋረጠ፤ ከቀትር ጀምሮ ጫት ላይ ነው። በልጅነቱ ሰንበት ትምህርት ቤት ይዘምር የነበረው ልጅ ቤተ ክርስቲያን ከረገጠ ሁለት ዓመት አልፎታል። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ውሃ ሲጠፋ ዓይናቸው ለደከመው አሮጊት ጎረቤታችን ጀሪካን የሚሸከምላቸው እሱ ነው። ለእኔ ግን ፊት አይሰጠኝም። ጾምኩ፤ ለቁልቢ ገብርኤል ተሳልኩ። የባለቤቴ እህት ‹ገዱን የያዘው ዛፉ ነው፤ አስቆርጪውና ቦታው ላይ ሰርቪስ ቤት ሠርተሽ አከራዪ› ትለኛለች። ወደ አንድ አዋቂም ወሰደችኝ። እሱ ዛፉ ከነሥሩ ተነቅሎ ጥቁር ዶሮ ይታረድ ብሎ አዘዘ። አልፈጸምኩትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እኔም ቤተ ክርስቲያን መግባት አፍሬ ከደጅ ተሳልሜ እመለሳለሁ። ዛፉን ላስቆርጠው ወይስ ልተወው? እግዚአብሔርስ ፊቱን አዙሮብኝ ይሆን?»

እህቴ፣

ዛፉን አይቁረጡት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ምክሬ እስኪደርስዎ መጥረቢያው እንዳይቀድመኝ ስለ ሰጋሁ ነው። እግዚአብሔርም ፊቱን አላዞረብዎትም። የዛፉንና የልጅዎን ጉዳይ አንድ ያደረገው የሰው ወሬ ነው፤ ስለዚህ በየተራ እንያቸው።

የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13ን ያውጡ። አብዛኞቻችን ይህን ምዕራፍ የምናውቀው ፍሬ ስላጣችው በለስ በሚናገረው ምሳሌ ነው፤ የምናነበውም ከቁጥር 6 ጀምረን ነው። እርስዎ ግን ከቁጥር 1 ይጀምሩ። ሰዎች ወደ ጌታ መጥተው ጲላጦስ ስላስገደላቸው የገሊላ ሰዎች ያወሩለታል። እሱም የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸውን 18 ሰዎች ይጨምርና፣ እነዚያ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋልን ብሎ ይጠይቃቸዋል። መልሱንም ራሱ ይሰጣል፤ አይደለም ይላቸዋል። ንስሐ ግቡ የሚለውም ለቆሙት ለሁሉም ነው። የበለሲቱን ምሳሌ የሚያመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው።

እርስዎ የድሬዳዋ ሰው ነዎትና ይህ ንግግር ይገባዎታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ሲመጣ ዝናቡ በብዛት የጣለው ከከተማዋ በላይ ባለው ደጋ ላይ ነበር። ሰው በተኛበት ደረሰበት። ከ200 በላይ ነፍስ ጠፋ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ሕፃኑም ሽማግሌውም በአንድ ሌሊት ሄዱ። ዛሬ አንድ ሰው ተነሥቶ «የሞቱት ከእኛ ከቀረነው ይልቅ ኃጢአተኞች ስለ ነበሩ ነው» ቢል፣ ድሬዳዋ ውስጥ ዝም ብሎ የሚሰማው አይገኝም። ለዚያ ሁሉ ሞት ያልተቀበልነውን አነጋገር ለአንድ ግሽጣ አበባ መርገፍ ለምን እንቀበለዋለን?

ሌላም ልጨምርልዎ። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 20 ላይ ስለ ጦርነት የተጻፈ ሕግ አለ። ከተማ ከብበህ ብዙ ቀን ስትዋጋ እንኳ ፍሬው የሚበላውን ዛፍ በምሣር አትቁረጥ ይላል፤ ምክንያቱንም በጥያቄ ነው የሚያቀርበው፤ የሜዳ ዛፍ ትከብበው ዘንድ ሰው ነውን? ይህን ቃል ሳነብ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሰው በሰው ላይ በተቆጣበት ሰዓት እንኳ ቁጣው ዛፍ ላይ እንዳይወርድ ሕግ ወጣ። ባለቤትዎ ዛፉን «ያንተ ነው» ብለው ለልጃቸው መትከላቸው የአባት ስጦታ ነው። የልጁን ዕጣ ዛፉ ውስጥ ቀበሩት ማለት አይደለም። ዛፉ ሰው አይደለም፤ ልጅዎም ዛፍ አይደለም።

አሁን ወደ ምሳሌው እንግባ። የወይኑ ቦታ ባለቤት ሦስት ዓመት ተመላልሶ ፍሬ አጣ። «ቍረጣት፤ ስለ ምን ደግሞ መሬቱን ታጐሳቍላለች?» አለ። የባለቤትዎ እህት ነገር ከዚህ አይርቅም፤ ቦታው ለኪራይ ቤት ይሆናል ብለዋል። አትክልተኛው ግን እንዲህ መለሰ፦ «ጌታ ሆይ፥ ዙሪያዋን እስክኮተኩትላትና ፋንድያ እስካፈስስላት ድረስ በዚች ዓመት ደግሞ ተዋት።»

ሲለምን የነበረው ሰው ማን እንደሆነ ልብ ይበሉልኝ። መኮትኮቻ የያዘው ሰው ነው። «ተዋት» ሲል በዚያው አፉ የራሱን ሥራ ቃል ይገባል፤ እኮተኩታለሁ፣ ፍግ አፈስሳለሁ ይላል። ምልጃውና ሥራው አንድ ዓረፍተ ነገር ናቸው። ደግሞም ፍሬ እንደምትሰጥ ዋስ አይሆንም፤ ብታፈራ ደኅና ነው፣ ያለዚያ ግን ትቈርጣታለህ ይላል። ጌታም በለሲቱ በሚቀጥለው ዓመት ምን እንደሆነች ሳይነግረን ምሳሌውን ያቆመዋል።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነበው፣ እርስዎ እስከ ዛሬ የቆሙት በባለቤቱ ቦታ ይመስለኛል። በየዓመቱ ወደ ዛፉ እየሄዱ ፍሬ ይፈልጋሉ፤ በየቀኑ ወደ ልጁ እየሄዱ ፍሬ ይፈልጋሉ፤ ያጡታል፤ ያዝናሉ። ጾሙና ስለቱም «ፍሬው የታለ?» የሚል ጥያቄ ብቻ ሆኖብዎት ይሆናል። በዚህ አልወቅስዎትም፤ ባልዋን ቀብራ ቤቷን ብቻዋን የምትይዝ እናት ፍሬ ማየት ብትናፍቅ ማን ይፈርድባታል? ምክሬ ግን ከባለቤቱ ቦታ ተነሥተው ወደ አትክልተኛው ቦታ እንዲዛወሩ ነው። እዚያ የሚሠራ ነገር አለ። የሚሠራ ነገር ያለው ሰው ደግሞ ለአዋቂ ወሬ ጊዜ አይኖረውም።

ከዛፉ ልጀምር፤ ምክንያቱም ዛፉ ቀላሉ ነው። እኔ ያደግሁት ከሐረር ወጣ ባለ ገጠር ስለሆነ ግሽጣን በቅርብ አውቀዋለሁ። በየዓመቱ ያብባል ብለውኛል። ስለዚህ ዛፍዎ ጤነኛ ነው፤ ከዘር የበቀለ ግሽጣ አብዛኛውን ጊዜ በሦስትና በአራት ዓመቱ ያብባልና ዕድሜውም ደርሷል። የጎደለው ሌላ ነገር ነው። አንድ አበባ ቀጥፈው እጅዎ ላይ አድርገው ይዩት። ቁልቁል የሚንጠለጠል፣ አረንጓዴ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ሦስት ወፈርና ረዘም ያሉ ቅጠሎች ያሉት ነው። አበባ ነው ለማለት እንኳ የሚያጠራጥር፣ ዓይን የማይስብ ነገር ነው። ይህ አበባ ሴቴም ወንዴም አለው፤ ሁለቱ ግን በአንድ ጊዜ አይነቁም። መጀመሪያ ቅጠሎቹ ገርበብ ሲሉ ሴቴው ክፍል ዝግጁ ይሆናል፤ በዚያ ሰዓት ወንዴው ገና ብናኙን አልለቀቀም። ቅጠሎቹ ወለል ብለው ሲከፈቱና ብናኙ ሲራገፍ ደግሞ የሴቴው ጊዜ አልፏል። ስለዚህ አንዱ አበባ ለራሱ አይበቃም። ከሌላ አበባ ብናኝ የሚያመጣለት ይፈልጋል፤ ይህን የሚሠሩት ጥቃቅን ጥንዚዛዎች ናቸው። እነሱ ከሌሉ፣ ወይም የድሬዳዋ ደረቅ ሙቀት የሴቴውን ክፍል ቶሎ ካደረቀው፣ አበባው ሳይጸንስ ይረግፋል። እርግማን የተባለው ነገር ይኸው ነው።

(እዚህ ላይ ከልብ የሚቆጨኝን ልናገር። ጓሮን ሁሉ በሲሚንቶ የመድፈን ልማድ ከተማውን እየወረሰው ነው። ንጹሕ ይመስላል፤ ግን የረገፈ ቅጠል ከሌለ፣ ትንሽ የበሰበሰ ፍሬ የሚያርፍበት አፈር ከሌለ፣ እነዚያ ጥንዚዛዎች የት ይኑሩ? ዛፍ ተክሎ ዙሪያውን በሲሚንቶ መክበብ የዛፉን ሠራተኞች ማባረር ነው።)

ጥንዚዛዎቹ እስኪመለሱ ሥራውን ሰው ሊሠራው ይችላል። ማለዳ ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ተማሪዎች ለውሃ ቀለም የሚጠቀሙበትን ዓይነት ለስላሳ ብሩሽና አንድ ሲኒ ይያዙ። ወለል ብለው የተከፈቱትን አበቦች ይፈልጉና ሲኒው ላይ ቀስ ብለው ያራግፏቸው፤ ፈዛዛ ብናኝ ይወርዳል። ከዚያ ገርበብ ያሉትን ይፈልጉ። ቅጠሎቹን በጣትዎ ለየት አድርገው ብሩሹን ብናኙ ውስጥ ነክረው በመሐል ያለችውን ትንሽ ጉብታ ዙሪያዋን ይዳስሷት። ይኸው ነው። ሁሉንም ለማዳረስ አይጣሩ፤ ወፈር ባሉት ቅርንጫፎች ላይ ያሉትን ጥቂት አበቦች ብቻ ይምረጡ፤ ዛፉም የሚችለውን ያህል ነው መሸከም ያለበት። የጸነሰው አበባ ቅጠሎቹ ደርቀው ሲወድቁ አረንጓዴዋ ጉብታ ግንዱ ላይ ትቀራለች፤ ያልጸነሰው ከነእግሩ ይወድቃል። የቀረችው በሦስትና በአራት ወር ውስጥ ትደርሳለች። አሁን ሐምሌ ነው፤ አየሩ እርጥበት ስላለው ከዚህ የተሻለ ጊዜ አያገኙም።

ዙሪያውንም ይኮትኩቱለት፤ ግን ጠለቅ አያድርጉት፤ የግሽጣ ሥር ወደ ላይ የቀረበ ነው። የበሰለ የፍየል ወይም የበግ ፍግ ከግንዱ ራቅ አድርገው፣ ቅርንጫፎቹ በሚያጠሉበት ክልል ዳር ዳሩን ይበትኑ። በላዩ የማሽላ አገዳ ወይም ደረቅ ሣር ያልብሱት፤ እርጥበት ይይዛል። የተላጠ ፓፓያና ማንጎ ከጥላው ሥር ቢጥሉ ጥንዚዛዎቹን ይጠራል። ውሃውን በየቀኑ ከመርጨት በሳምንት አንዴ እስኪጠግብ ማጠጣት ይሻላል። ቀሪውን፣ ማለትም ቅርንጫፍ መመልመሉን፣ በበጋው መጨረሻ ቅጠሉን አራግፎ ሲቆም ያስታውሱት።

ይህን ሁሉ አድርገውም ፍሬው የእርስዎ ሥራ ውጤት ብቻ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች «እኔ ተከልሁ አጵሎስም አጠጣ ነገር ግን እግዚአብሔር ያሳድግ ነበር» ብሎ የጻፈው ይህንኑ ነው። ብናኙን ማድረስ እንችላለን፤ ከብናኙ ፍሬ የሚያደርገውን ነገር ግን ማንም ሰው በብሩሽ ሠርቶ አያውቅም። ቤተ ክርስቲያናችን በነሐሴ አጋማሽ የምታስበውን ወቅት ያውቁት ይሆናል፤ የቁራ ጫጩቶችን፣ ደሴቶችንና የሁሉን ዓይን በአንድ ላይ የምታነሣበት ነው። ያ ወቅት የገበሬው ጎተራ ባዶ የሆነበት፣ አዝመራው ገና ያልደረሰበት ጊዜ ነው። አባቶቻችን «የሁሉ ዓይን አንተን ተስፋ ያደርጋል» የሚለውን መዝሙር ጎተራ በሞላበት በጥር አላደረጉትም። ቆፍሮ፣ ዘርቶ፣ አርሞ የሚችለውን የጨረሰ ሰው ቀና ብሎ በሚያይበት ወር ነው ያደረጉት።

አሁን ስለ ልጅዎ። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ብዬ እናገራለሁ፤ ግሽጣን በብሩሽ መርዳት ይቻላል፣ የ22 ዓመት ወጣት ግን የራሱ ፈቃድ ያለው ሰው ነው። ማንም እናት በልጇ ልብ ውስጥ እምነትን በእጇ ልታስቀምጥ አትችልም። መኮትኮት ግን ትችላለች።

በደብዳቤዎ ውስጥ በአንድ መስመር ያለፉት ነገር አለ። ውሃ ሲጠፋ ዓይናቸው ለደከመው ጎረቤት ጀሪካን የሚሸከመው እሱ ነው ብለዋል። ይህን ጽፈው ወዲያው «ለእኔ ግን» ብለው ወደ ሌላ ነገር ሄዱ። እባክዎን ይመለሱበት። ማንም ሳያዘው፣ ማንም ሳይከፍለው፣ በድሬዳዋ ፀሐይ ለአንዲት አሮጊት ውሃ የሚሸከም ወጣት ልቡ አልሞተም። ጌታ በፍርድ ቀን ተጠምቼ አጠጣችሁኝ እንደሚል ያውቃሉ። ልጅዎ ቤተ ክርስቲያን ሳይገባ ያንን እየሠራ ነው። ለቅዳሴ ምትክ ይሆነዋል ማለቴ አይደለም። ግን አይተውለት ያውቃሉ? «ልጄ፣ ለእማማ የምታደርገውን አያለሁ፤ አባትህ ቢያይህ ደስ ይለው ነበር» ብለውት ያውቃሉ? ይህን አንድ ጊዜ ይንገሩት። ከኋላው «ታዲያ ለምን ቤተ ክርስቲያን…» የሚል አይቀጥሉበት። ነግረውት ዝም ይበሉ።

ሁለተኛው ነገር ይህ ነው። አባቱ ሲያርፉ ልጁ 18 ዓመቱ ነበር። ደብዳቤዎ ውስጥ የእርስዎ ሐዘን አለ፤ የእሱ ግን የለም። እናቶች የወንድ ልጅን ሐዘን ብዙ ጊዜ አናይም፤ ስለማያለቅስ ያለፈለት ይመስለናል። ሰልስቱ፣ ዐርባው፣ ሙት ዓመቱ ሲደረግ ድንኳን የሚተክለው፣ ወንበር የሚሸከመው እሱ ነው፤ ማን አጽናናው? ኮሌጁን ያቋረጠው ከዚያ በኋላ አይደለምን? ቤተ ክርስቲያንስ የራቀው ከዚያ በኋላ አይደለምን? መልሱን እኔ አላውቅም፤ እሱን ይጠይቁት። «አባትህ ናፈቀህ?» ብቻ ብለው።

የሚጠይቁበትን ሰዓት ግን ይምረጡ። ጫቱ ከአወዳይ ተጭኖ ድሬዳዋ ከደረሰና በርጫው ከተጀመረ በኋላ ምንም ቢያወሩ ትርፉ ድካም ነው፤ በምርቃና የተሰጠ ቃል ማግስቱን አይደርስም። ሐራራ በያዘው ሰዓትም ቁጣ ነው የሚገጥምዎት። ማለዳ ፊቱን ታጥቦ ቁርስ ከቀመሰ በኋላ ያለችው ሰዓት ትሻላለች። ቁርሱን ያብስሉለት፤ ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋልና ከቀትር በኋላ የሚበላው ነገር የለም፤ የተራበ ሰው ደግሞ ምክር አይሰማም። ለጫት የሚሆን ገንዘብ አይስጡት። ሲከለክሉት ግን ያለ ስድብና ያለ ዝርዝር ይሁን፤ «ለዚህ አልሰጥህም፣ ለትራንስፖርትና ለትምህርት ከፈለግህ እሰጥሃለሁ» ብለው ይብቃዎ። ጎረቤት ፊት ስሙን አያንሡ።

ጓሮውንም እንዲረዳዎ ይጠይቁት። ብልሃት አይፍጠሩ፤ እውነቱን ይንገሩት። «ፍጉን መሸከም ከበደኝ፤ አባትህ የተከለው ዛፍ አበባው የሚረግፈው በዚህ ምክንያት ነው ተብያለሁ፤ እስኪ አብረን እንሞክረው» ይበሉት። እምቢ ካለ ብቻዎን ይሥሩ፤ ሥራዎን በእሱ ላይ ምስክር አያድርጉት። እሺ ካለ ደግሞ ስለ ዛፉ ብቻ ያውሩ። ከሥራው መሐል ስብከት ካስገቡ በሚቀጥለው ማለዳ አይነሣም።

በዚህ መካከል እንቅልፍ ለቀናት ካጣ፣ ሰው ይከታተለኛል ማለት ከጀመረ፣ ብቻውን የሚያወራ ከሆነ ወይም መኖር ታከተኝ ካለ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ድል ጮራ ሆስፒታል ሄደው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይጠይቁ። ጠበሉም ይቀጥል፣ ሐኪሙም ይየው፤ ሁለቱ አይጣሉም፤ ጥበብን ለሐኪም የሰጠው ያው እግዚአብሔር ነው።

ስለ ስለትዎ ደግሞ። ለቁልቢ ገብርኤል መሳልዎ መልካም ነው፤ ከዚህ አካባቢ ሰው ታኅሣሥ 19 በእግሩ ዳገቱን ሲወጣ እያየን ነው ያደግነው። ግን የታኅሣሡ በዓል ምን እንደሚያስብ ያስታውሱ፤ መልአኩ አናንያን፣ አዛርያንና ሚሳኤልን ከእቶኑ እሳት ያዳነበት ቀን ነው። እነዚያ ሦስት ወጣቶች ወደ እሳቱ ሳይጣሉ በፊት ለንጉሡ የሰጡት መልስ በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 ተጽፏል። አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉ፤ ቀጥለውም፣ ባያድነንም እንኳ ለአንተ ጣዖት አንሰግድም አሉ። መልአኩ የወረደው ይህን ላሉ ሰዎች ነው። እርስዎም ወደ ቁልቢ የሚወስዱት ስለት ይህን ቃል ይያዝ፤ ልጄን መልስልኝ፣ ባይመለስ እንኳ ወደ አዋቂ ቤት አልሄድም። ስለት ለዋጋ የሚቀርብ ክፍያ አይደለምና ልጅዎ ገና ጫት እየቃመ ቢሆንም ስለትዎን ማድረስ ይችላሉ። ልጅዎ አብሮዎት ይሄድ እንደሆነ አንድ ጊዜ ይጠይቁት። ባይሄድ ከጎረቤት ጋር ይሂዱ።

የባለቤትዎን እህት አይቀየሟቸው። ወንድማቸውን ያጡ ሰው ናቸው፤ የቤቱ ነገር እንደሚያሳስባቸውም ግልጽ ነው። የሰርቪስ ቤቱ ሐሳብ በራሱ ነውር የለበትም፤ የኪራይ ገቢ ለብቸኛ እናት ትልቅ ነገር ነው። ቦታ ካለ ሌላ ጥግ ላይ መሥራት ይቻላል፤ ባይኖርም በዛፉና በቤቱ መካከል መምረጥ የእርስዎ መብት ነው። ግን ጉዳዩ በስሙ ይጠራ፤ «ቤት ልንሠራ ነው» ይባል። «ዛፉ ገደ ቢስ ነው» ተብሎ ከተቆረጠ፣ ነገ ልጅዎ የተረገመ ዛፍ የተተከለለት ልጅ ሆኖ ይቀራል። ያንን ደግሞ ማንም በፍግ አያድነውም።

ወደ አዋቂው የሄዱበት ነገር ከሁሉ በላይ እንደከበደዎት ከደብዳቤዎ ይታያል። የታዘዙትን አልፈጸሙም። እግርዎ ግን ሄዷል፤ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18 የተከለከለ ነገር ነውና ቀላል ነው አልልዎትም። ለዚህም ንስሐ አባት አለዎት። ከደጅ ተሳልሞ መመለስ ትሕትና ይመስላል፤ ሲቆይ ግን ልማድ ይሆናል፤ ልጅዎም ቤተ ክርስቲያን የራቀው እንዲሁ ቀስ በቀስ ሊሆን ይችላል። እናቱ ከደጅ ስትመለስ እያየ እሱ እንዴት ይግባ? ይህ እሑድ ሳይደርስ ወደ ንስሐ አባትዎ ይሂዱና አዋቂ ቤት ሄጄ ነበር ብለው በግልጽ ይንገሯቸው። የሚሰጡዎትን ቀኖና ይቀበሉ። እሑድ ከቅዳሴው መጀመሪያ ጀምረው ውስጥ ገብተው ይቁሙ።